የአባቴን ጃዋ ያስነሡልኝ የአባይ ማዶው ጋሼ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ደግሞም ባሕር ዳር ውስጥ አሮጌ ሞተር እየገፋ የሚንከራተት ሰው ካለ፣ ወዴት እንደሚሄድ ልጠቁመው።

የአባቴ ሞተር ሳይክል ጃዋ 350 ናት። 634 የሚባለው ዓይነት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1973 እስከ 1984 ቼኮዝሎቫኪያ የሠራችው። ማርሽ መቀየሪያዋና ማስነሻዋ አንድ ፔዳል ነው። ወደ ውስጥ ገፋ ታደርገውና ታዞረዋለህ፣ ከዚያ ትረግጣለህ። ይህን የማያውቅ ሰው ማስነሻዋን ፈልጎ ፈልጎ ያጣዋል። አባቴ ጠዋት ሽምብጥ ሰፈር ሲያስነሳት ጎረቤቱ ሰዓት ማየት አያስፈልገውም ነበር።

እሱ ካረፈ በኋላ ሦስት ዓመት ቆመች። ባለፈው ጥር አወጣኋት። ትነሣለች፣ ግን ትንገጫገጫለች፤ ትንሽ ዳገት ስታይ ትሞታለች። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተሯን ሦስት ጊዜ ፈቱት፣ ሦስት ጊዜ ከፈልኩ። በአራተኛው "ፒስተኑ አልቋል፣ ዕቃ ከውጭ አስመጣ" አሉኝ። ያኔ ተስፋ ቆረጥኩ። ለቆራሌው ልሰጣት ምንም አልቀረኝም።

ያዳነኝ አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው። ስገፋት አይቶ ቆመና "አባይ ማዶ አንድ ሽማግሌ አሉ፣ የፑንቲና ሰው ናቸው" አለኝ። ፑንቲና ማለት እየተከፈተች እየተዘጋች የድሮ ሞተርን እሳት የምታስፈነጥር ትንሽ የኤሌክትሪክ መቆራረጫ ናት።

ጋሼ የሚሠሩት ቤታቸው በር ላይ ነው። ሰሌዳ የለ፣ ምን የለ። ሞተሯን ሲያዩ መፍቻ አላነሡም። "አስነሳት" አሉኝ። ሁለት ደቂቃ ያህል እንደሠራች ጣታቸውን ውሃ ነክረው ሁለቱ የጭስ ቧንቧዎች ላይ ጠብ ጠብ አደረጉ። ቀኙ ላይ ያረፈው ጭስስ ብሎ ጠፋ። ግራው ላይ ያረፈው ዝም ብሎ ቁልቁል ወረደ።

"አንድ እግሯ ሽባ ነው" አሉ፤ ከሁለቱ ሲሊንደሮች የግራው አይሠራም ማለታቸው ነው። "ካርቡራተሯ አንድ ነው ልጄ፣ ለሁለቱም የሚያጠጣ። እሱ ቢሆን ሁለቱም ይታመሙ ነበር።"

ሦስት ጊዜ የከፈልኩበት ነገር በአንድ ጠብታ ውሃ ተፈታ። መናደድም መሳቅም አማረኝ።

የቀኙን ክዳን ከፈቱ። ዲናሞው ጫፍ ላይ ሁለት ፑንቲናዎች አሉ፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ። ፑንቲና ስትከፈት ነው ቦቢናው (የኤሌክትሪክ ኃይሉን ከፍ የሚያደርገው ጥቅልል) እሳት የሚልከው፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ካንዴላም የሚፈነጥቀው። ሞተሩ ሲዞር አብሮ የሚዞር ጉብታ እግሯን እየገፋ ይከፍታታል። የግራዋ እግር ተበልቶ አልቋል። ጉብታውን ዘይት ማስነካት የነበረበት ቁራጭ ጨርቅ ደርቆ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሲፍቃት ኖሯል። ስለዚህ የምትከፈተው ዘግይታ ነው፣ ያውም በጭላንጭል።

ከአንድ የሻይ ቆርቆሮ ውስጥ ያገለገለች ግን ደህና እግር ያላት ፑንቲና አወጡ። ፊቷን በቀጭን ሞረድ አንድ ሁለቴ ነክተው በንጹሕ ወረቀት ጠረጉት። የፑንቲናዋ ፊት በብልጭታ እንዳይቃጠል የሚከላከለውን ዕቃ "ኮንደንሰሩም ይቀየር?" ስላቸው "ለምን? ቢሞት ኖሮ የፑንቲናዋ ፊት ተቃጥሎ ታየው ነበር" አሉኝ። ሌላ ቢሆን "አዎ" ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ዋናው ሥራ መጣ። መጀመሪያ ክፍተቱ፦ ፑንቲናዋ በጣም በተከፈተችበት ቦታ 0.4 ሚሊ ሜትር። ታይሚንጉ፣ ማለትም እሳቱ የሚፈነጥቅበት ቅጽበት፣ ቀጥሎ ነው። ቅደም ተከተሉን ለምን እንደማይገለብጡት ጠየቅኳቸው። "ክፍተቱን ካሰፋኸው ቀድማ ትከፈታለች፣ ካጠበብከው ትዘገያለች። ታይሚንግ ይዘህ ክፍተት ብትነካ የሠራኸውን አፈረስክ" አሉ። ካንዴላውን ነቅለው በቀዳዳው መለኪያ አስገቡ፣ ፒስተኑ ጫፍ የሚደርስበትን አገኙ፣ ወደ ኋላ መለሱት። ጫፍ ሊደርስ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲቀረው ፑንቲናዋ መከፈት አለባት። ለዚህም ትንሽ አምፖል አሰሩ፤ ስትዘጋ ይጠፋል፣ ስትከፈት ይበራል። ለአንዱ ሲሊንደር ፑንቲናዎቹን የያዘውን ሰሃን ሁሉ ያዞሩታል፣ ለሌላው የራሱን ትንሿን ሰሃን ብቻ። አምፖሉ ልክ ቦታው ላይ ቦግ ሲል እኔ ነኝ እልል ልል የደረስኩት። እሳቸው "ገና ነው" ብለው ብሎኑን አጥብቀው እንደገና ለኩ። ሲጠብቅ ሰሃኑ ይንሸራተታል አሉ፤ እውነትም በጥቂቱ ሸሽቶ ነበር። አራት ጊዜ ያህል ደገሙት። እሳቱ በጣም ከቀደመ ፔዳሉ ተመልሶ እግር ይመታል፣ ሲብስም ፒስተን ይበሳል።

በሁለተኛው እርግጫ ተነሣች። ውሃ ጠብ አደረግኩ። ሁለቱም ጭስስ አሉ። የቤዛዊትን ዳገት ማርሽ ሳልቀንስ ወጣሁት።

የጠየቁኝ 800 ብር ነው። ጨምሬ ልሰጥ ብል ተቆጡኝ። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። አንተም የባጃጁ ልጅ፣ ስምህን ሳልጠይቅህ ሄድክ፣ ተባረክ።

ስማቸውንና ስልካቸውን አልጽፍም፤ "ሲደወልልኝ ልኬት ይጠፋብኛል" ብለዋል። አባይ ማዶ ሄዳችሁ የባጃጅ ሹፌሮችን "የፑንቲናው ሽማግሌ" ብላችሁ ጠይቁ። እሑድ አይሠሩም። ቀስ ብለው ነው የሚሠሩት፣ የሚቸኩል ሰው አይሂድ። የአሁኖቹን ፑንቲና የሌላቸውን ሞተሮች አይነኩም። ካንዴላ ግን ይዛችሁ ሂዱ፣ እሳቸው ጋ የለም።