የቅባት ቴፕ ለተቀበረ የጋዝ ቧንቧ፦ በጣና ዳር መሬት እንዴት ነው?

ባሕር ዳር ላይ ሲሊንደሩን ከቤት ውጭ አስቀምጦ ጋዙን በግቢው ስር በተቀበረ የብረት ቧንቧ ወደ ማዕድ ቤት ለሚያስገባ ሰው የልባስ፣ ማለትም ቧንቧውን ከዝገት የሚጠብቀው ሽፋን፣ ጉዳት ቀላል ነገር አይደለም። ዶማ ሲልጠው ወይም የጂራቱቦ (የቧንቧ መፍቻ) ጥርስ ሲነክሰው መጠገኛው ሁለት ዓይነት ነው፦ ፕራይመር (ቴፑ እንዲይዝ ብረቱ ላይ አስቀድሞ የሚቀባ) የሚፈልግ የፕላስቲክ ቴፕ፣ ወይም የቅባት ቴፕ፣ ማለትም ቫዝሊን መሰል ቅባት የጠጣ ጨርቅ። ለሐይቁ ዳር የምንመርጠው የቅባቱን ነው።

ምክንያቱ ውሃው ነው። በክረምት ለቧንቧው የተቆፈረው ቦይ ከስሩ ውሃ ያመነጫል፤ ብረቱ ተወልውሎም ያልበዋል። ፕራይመር እርጥብ ብረት ላይ አይዝም፤ ላዩ አምሮ ከስሩ ውሃ ያቁርና ዝገቱ ተደብቆ ይበላል። የቅባቱ ጨርቅ ግን አብሮት የሚሸጠው ፓስታ አስቀድሞ በደንብ ከተሻሸ ትንሽ ወዝ የቀረው ብረት ላይም ይይዛል።

መጀመሪያ ግፊቱ እንዳለ ቧንቧው በሳሙና አረፋ ይፈተሽ። አረፋ ከተነሳ ቴፕ መፍትሔ አይደለም፤ ቫልቩ ተዘግቶ ያ ክፍል ይቀየራል። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ቦዩ ውስጥ ይተኛል፤ ስለዚህ እሳትም ግራይንደርም አይቅረብ። ካላፈሰሰም ቫልቩ ይዘጋና የላላው ልባስ አጥብቆ እስከያዘው ድረስ ይቆረጥ፣ ጠርዙ ቀስ በቀስ እንዲሳሳ ይሞረድ፣ ብረቱ በሽቦ ብሩሽ ይፈተግ። ዝገቱ ብረቱን ሰርስሮ ከገባ መሸፈን ራስን ማታለል ነው፤ ይቀየር።

የቅባት ቴፑ ጥምጥም ከጉዳቱ በሁለቱም ወገን ጤነኛው ልባስ ላይ 10 ሴንቲሜትር ያህል ይውጣ፤ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን በግማሽ ይሸፍን፤ አየር እንዳይቀር በመዳፍ ይዳመጥ። ለ1 ኢንች ቧንቧ 5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቴፕ በአንድ ሜትር ቧንቧ 4.2 ሜትር ገደማ ይፈጃል፤ የ10 ሜትር ጥቅል 2.4 ሜትር እንኳ አይሞላም። ብዙዎች አሳንሰው የሚገዙት ይህን ሳያሰሉ ነው።

ድክመቱ ልስላሴው ነው። ዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ሲንቀሳቀስ ለስላሳውን ጨርቅ ይጎትተዋል። ከላዩ ጠንካራ የፒቪሲ መጠቅለያ ግድ ነው፤ ዙሪያውንም 15 ሴንቲሜትር ጠጠር የሌለው አሸዋ ይልበስ። ስስ የኤሌክትሪክ ናስትሮ ይህን ሥራ አይሠራም። ከመሬት ወጥቶ ፀሐይ የሚመታው የቧንቧ ክፍል ላይም ቅባቱ ይቀልጥና ይንጠባጠባል፤ እዚያ ሌላ ልባስ ይሻላል።

ትንሽ ጭረት ነው ተብሎ መተውም አደገኛ ነው። ቧንቧው ከቤቱ የኮንክሪት ብረት ጋር ከተነካካ የዝገቱ ጉልበት ሁሉ በዚያች ጠባብ ክፍተት ላይ ይከማቻል፤ ጥፍር የምታህለው ቀዳዳ ከሰፊ ልጣጭ ቀድማ ቧንቧውን ትበሳለች።