ኢመርሽን፣ ሞንቴሶሪ ወይስ የሰፈር ትምህርት ቤት? በዲሲና በዙሪያው ልጅ ለምታስመዘግቡ

ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የምትኖሩና ሦስት አራት ዓመት የሆነው ልጅ ያላችሁ ከሆነ፣ ጥር ሲገባ የሚጀመረውን ወሬ ታውቁታላችሁ። አንዷ «የእኔን ቻይንኛ አስገባሁት» ትላለች። ሌላው «ሞንቴሶሪ ያደገ ልጅ ይለያል» ይላል። ልጇን እዚያው ሰፈር ልታስገባ ያሰበች እናት ይህን ስትሰማ ልቧ ይከፈላል። ልጄን እየበደልኩት ይሆን ትላለች።

ይህን የምጽፈው ለእሷና እንደ እሷ ግራ ለተጋቡ ወላጆች ነው። ኢመርሽን ልጁ ትምህርቱን በሌላ ቋንቋ የሚማርበት ነው፤ ሞንቴሶሪ ደግሞ ልጁ ራሱ በዕቃ እየሠራ የሚማርበት። ከሦስቱም ዓይነት ጥሩም ደካማም ትምህርት ቤት አለ። ትልቁ ልዩነት ያለው ግን ብዙ ሰው በማያነሳው ነገር ላይ ነው። ኢመርሽንና ሞንቴሶሪ ፍሬያቸው የሚታየው ልጁ ሳያቋርጥ ዓመታት ሲቆይባቸው ነው። የሰፈር ትምህርት ቤት መሐል ላይ የገባውንም የሚወጣውንም ልጅ ያስተናግዳል። ስለዚህ እኔ ብሆን ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው «የዛሬ አምስት ዓመት የት እንኖራለን?» ብዬ ነው።

ይህ ጥያቄ ለብዙ የእኛ ቤተሰቦች ከባድ ነው። ዲሲ ተከራይተን እንጀምርና ቤት መግዛት ሲመጣ ወደ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ እንሻገራለን። የዲሲ የመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ በነፃ የሚያስተምረው የዲሲ ነዋሪን ነው። ቻርተሩም፣ ማለትም በመንግሥት ገንዘብ ግን በራሱ አስተዳደር የሚሠራው ነፃ ትምህርት ቤት፣ እንደዚያው ነው። ድንበሩን ተሻግራችሁ ልጁ እዚያው ይቀጥል ካላችሁ ክፍያ ይመጣል። በሎተሪ፣ ማለትም የትምህርት ቤት ቦታ በሚታደልበት ዕጣ፣ ያገኛችሁት የስፓኒሽ ክፍል፣ ልጁ ገና ማንበብ ሲጀምር ከእጃችሁ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው።

ኢመርሽን

አሠራሩ ቀላል ነው። ልጁ ስፓኒሽን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት አይማረውም። ሒሳቡን፣ ሳይንሱን፣ ተረቱን በስፓኒሽ ይማራል። ቀኑን ግማሽ በግማሽ የሚከፍሉ አሉ። ታች ክፍል ላይ ዘጠና በመቶውን በአዲሱ ቋንቋ አስተምረው እንግሊዝኛውን ቀስ በቀስ የሚጨምሩም አሉ። ዲሲ ውስጥ የቆየው ኦይስተር አዳምስ የሚባለው ትምህርት ቤት ነው። የስፓኒሽና የእንግሊዝኛ ትምህርቱን በ1971 ጀመረ። ዩ ዪንግ ቻይንኛ፣ ሙንዶ ቬርዴ ስፓኒሽ፣ ስቶክስ ፈረንሳይኛና ስፓኒሽ ያስተምራሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ ስላይጎ ክሪክ ላይ የፈረንሳይኛ ኢመርሽን አለ። አርሊንግተን ውስጥ ክሌርሞንትና ኪ አሉ።

መስከረም ላይ አንድ የኪንደርጋርተን ክፍል ገብታችሁ ብትቀመጡ ነገሩ ይገባችኋል። አስተማሪዋ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አትናገርም። በሩን በእጇ እየያዘች «ላ ፑዌርታ» ትላለች፤ ትዘጋዋለች፤ ትከፍተዋለች። ልጆቹ መጀመሪያ ዝም ብለው ያዩዋታል። አንዱ ተነስቶ በሩን ሲዘጋ ሌሎቹም ይከተላሉ። ወራት አልፈው እንኳ ብዙዎቹ ሲታዘዙ ይሰማሉ እንጂ በስፓኒሽ አይመልሱም። ያ ጤናማ ነው። በታኅሣሥ «ልጄ ምንም አይናገርም» ብሎ መደናገጥ አያስፈልግም።

«እንግሊዝኛው ወደ ኋላ ይቀራል» የሚለው ስጋት የብዙዎቻችን ነው። መጀመሪያ ላይ እውነት አለው። ታች ክፍል ላይ የእንግሊዝኛ ንባብ ፈተና ላይ ዘግየት የሚሉ ልጆች አሉ። በኋላ ግን ይገለበጣል። ፖርትላንድ ኦሬገን ውስጥ የኢመርሽን ቦታ በዕጣ ነበር የሚታደለው። ተመራማሪዎች ዕጣ የወጣላቸውንና ያልወጣላቸውን ልጆች ለዓመታት አነጻጸሩ። ውጤቱ በ2015 ወጣ። ዕጣው የወጣላቸው በእንግሊዝኛ ንባብ አምስተኛ ክፍል ላይ ሰባት ወር ያህል፣ ስምንተኛ ላይ ዘጠኝ ወር ያህል ቀድመው ተገኙ። በሒሳብ ያጡት ነገር አልነበረም። ልብ በሉ፣ ጥቅሙ የታየው አምስተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። ሁለተኛ ክፍል ላይ ያወጣ ወላጅ መዘግየቱን አይቶ ፍሬውን ሳያይ ይወጣል።

መግቢያውም ጠባብ ነው። አንደኛ ክፍል ካለፈ በኋላ ብዙ ቦታ ቋንቋውን የማይችል ልጅ አይቀበሉም።

አማርኛውስ? እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ልጆቻችን ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት አንድ ቋንቋ ይዘው ነው። ሦስት ቋንቋ ልጅን አያደናግርም። አዲስ አበባ ውስጥ ኦሮምኛ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ይዘው ያደጉ ስንት ሰዎች እናውቃለን። የሚያጥረው ጊዜ ነው። ቀን ስፓኒሽና እንግሊዝኛ ነው፤ ማታ ደክሞት የሚመጣ ልጅ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ አማርኛ ጠንክሮ ከያዘ፣ አያት ካለች፣ ወላጆቹ በአማርኛ ጠይቀው በአማርኛ የሚመለስላቸው ከሆነ፣ ኢመርሽን ቢጨመር ደስ ይለኛል። ልጁ ከአሁኑ «እሺ» ከማለት በቀር ሁሉን በእንግሊዝኛ የሚመልስ ከሆነ ግን ትርፍ ኃይላችሁን መጀመሪያ ለአማርኛው ስጡት። ስፓኒሽ ከጎረቤትም ከሥራም ይገኛል። አማርኛን ከእናንተ በቀር የሚሰጠው የለም።

ቋንቋ ስትመርጡም በኋላ ማን ጋር ይናገረዋል ብላችሁ ጠይቁ። ስፓኒሽ በዚህ አካባቢ መጫወቻ ሜዳ ላይም ሱቅ ውስጥም አለ። ቻይንኛ ከባድ ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ሲያሠለጥን ለቻይንኛ 2,200 የክፍል ሰዓት ይመድባል፤ ለአማርኛ 1,100 ገደማ። ያ ለአዋቂ ቢሆንም መጠኑን ይነግራችኋል። ቻይንኛን የጀመረ ልጅ መካከለኛ ደረጃ ላይ የሚቀጥልበት ትምህርት ቤት ያስፈልገዋል። ዲሲ ውስጥ ዲሲ ኢንተርናሽናል የተከፈተው ለዚሁ ነው።

ሞንቴሶሪ

ስሙን አዲስ አበባም ብዙ ኬጂ በር ላይ አይተነዋል። ማሪያ ሞንቴሶሪ የመጀመሪያውን የልጆች ቤት ሮም ውስጥ በድሆች ሰፈር የከፈተችው በጥር 1907 ነው። ስሙ ግን በሕግ የተጠበቀ አይደለም። ማንም በሩ ላይ ሊጽፈው ይችላል። ስለዚህ ከሦስቱ መካከል ገብቶ ማየት በጣም ግድ የሚለው እዚህ ላይ ነው።

እውነተኛው ክፍል ምን ይመስላል? የሦስት፣ የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች አንድ ላይ ናቸው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ያህል ሳይቋረጡ ይሠራሉ። አስተማሪዋ ሰሌዳ ፊት አትቆምም። አንዱ ጋ ዝቅ ብላ ታሳያለች፤ ትነሳለች፤ ታያለች። የወርቅማ ዶቃዎቹን ሥራ ካያችሁ አትረሱትም። ነጠላ ዶቃ አንድ ነው። አሥሩ በሽቦ ተሰክቶ ዘንግ ይሆናል። አሥር ዘንግ ጎን ለጎን ተያይዞ ባለመቶ ካሬ፣ አሥር ካሬ ተደራርቦ ባለሺህ ኩብ ይሆናል። የአምስት ዓመት ልጅ 2,345 አምጣ ሲባል ትሪ ይዞ ይሄዳል። ሁለት ከባድ ኩብ፣ ሦስት ካሬ፣ አራት ዘንግ፣ አምስት ዶቃ ተሸክሞ ይመጣል። ሺህ ምን ያህል ከአሥር እንደሚከብድ በእጁ ያውቀዋል። እኔ ይህን ዘዴ እወደዋለሁ።

ስትጎበኙ አስተማሪዋ በማን እንደሠለጠነች ጠይቁ። በ1929 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ ማኅበር ኤኤምአይና በ1960 የተመሠረተው የአሜሪካው ኤኤምኤስ የሚሰጡት ሥልጠና የታወቀ ነው። መደርደሪያው ላይ ዕቃዎቹ አሉ? የአምስት ዓመቶቹ ከሦስት ዓመቶቹ ጋር ናቸው ወይስ በዕድሜ ተለያይተዋል? ሠላሳ ደቂቃ በሞላ ቁጥር ደወል ይደወላል? ሁሉም ልጅ አንድ ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት አበባ እያቀለመ ካገኛችሁት፣ በሩ ላይ ያለውን ስም ትታችሁ በሌላ መለኪያ መዝኑት።

ጥናቱ መጥፎ አይደለም። ሚልዋኪ ውስጥ በዕጣ የገቡና ያልገቡ ልጆችን ያነጻጸረ ሥራ በ2006 ሳይንስ መጽሔት ላይ ወጥቶ ነበር። የሞንቴሶሪዎቹ አምስት ዓመት ላይ በፊደልና በሒሳብ፣ ከሌላ ልጅ ጋር በመግባባትም የተሻሉ ሆነው ተገኙ።

እዚህም የቆይታው ነገር ይመጣል። ዑደቱ ሦስት ዓመት ነው። ልጁ ሁለቱን ዓመት ትልልቆቹን ሲያይ ይቆይና በሦስተኛው እሱ ትልቁ ይሆናል፤ ያለማመዱትን ለትንንሾቹ ያሳያል። ብዙ ወላጅ ግን ኪንደርጋርተን ሲደርስ ልክ በዚያ ዓመት ያወጣዋል። ከወጣ በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጅ አውጥቶ መጠበቅን እንደ አዲስ መልመድ አለበት።

ሌላው ከእኛ አስተዳደግ ጋር የሚጋጭ ነገር አለ። የቤት ሥራ የለም ማለት ይቻላል። ደረጃ አይወጣም። «ዛሬ ምን ተማርክ?» ስትሉት «ውሃ ቀዳሁ» ሊላችሁ ይችላል። ይህን ታግሶ መቀበል የሚከብደው አባት ካለ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ቤት ውስጥ በየማታው የሚጨቃጨቁበት ትምህርት ቤት ልጁን አይጠቅመውም።

የግል ሞንቴሶሪ ውድ ነው። ነፃውን መጀመሪያ ፈልጉ። ዲሲ ውስጥ የከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤት የሆነው ካፒቶል ሂል ሞንቴሶሪ አለ፤ የሞንቴሶሪ ቻርተሮችም አሉ። ላምብ የሚባለው ቻርተር ሞንቴሶሪንና ስፓኒሽን አንድ ላይ ይዟል። ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ የመንግሥት ሞንቴሶሪዎች አሉት፤ መግቢያው በሎተሪ ነው። አርሊንግተንም አንድ አለው።

የሰፈር ትምህርት ቤት

ብዙ ጊዜ ሳይታይ የሚታለፈው ይህ ነው። አግባብ አይመስለኝም።

ከኪንደርጋርተን ጀምሮ ለመኖሪያ አድራሻችሁ የተመደበው ትምህርት ቤት ልጃችሁን መቀበል ግዴታው ነው። ሎተሪ የለም፤ ዌይትሊስት (የተራ መጠበቂያ ዝርዝር) የለም። ዲሲ ውስጥ የሦስትና የአራት ዓመት ፕሪኬ (ከኪንደርጋርተን በፊት ያለው ክፍል) ነፃ ነው፤ ሆኖም ቦታው በአብዛኛው በሎተሪ ስለሆነ የሰፈራችሁም ቢሆን ማመልከት አለባችሁ።

ሌሊት ሽፍት ሠርታ ጠዋት የምትገባ ነርስ፣ ከኤርፖርት የሚመለስ የታክሲ ሹፌር፣ ሦስት መንገድ ተሻግሮ የሚደርስበት ትምህርት ቤት ዋጋው ይገባዋል። ልጁ ትኩሳት ቢይዘው በደቂቃ ትደርሳላችሁ። የክፍል ጓደኛው ሕንጻችሁ ውስጥ ይኖራል። የጓደኛው እናት ስትዘገዩ ትይዝላችኋለች። ዲሲ ከተማ አቋርጦ የሚሄድ ልጅን የሚያመላልስ ቢጫ አውቶቡስ በአጠቃላይ የለም። የምታመላልሱት እናንተ ናችሁ። ጠዋትና ማታ ከብራይትዉድ ካፒቶል ሂል ድረስ ለስምንት ዓመት ትነዱታላችሁ?

አንድ ነገር አደራ። ስታስመዘግቡ ቤት ውስጥ ምን ቋንቋ ይነገራል የሚል ቅጽ ይሰጣችኋል። አማርኛ ከሆነ አማርኛ ብላችሁ ሙሉ። «ዝቅ ያደርጉታል» ብለው እንግሊዝኛ የሚጽፉ አሉ። ቅጹ ልጁ እንግሊዝኛው እንዲመዘንና የሚያስፈልገው ከሆነ ተጨማሪ ድጋፍ እንዲያገኝ የሚያደርገው ነው። ይህ መብት በፌዴራል ሕግ የተደገፈ ነው፤ የመንግሥት ኢመርሽንና ሞንቴሶሪም ይህን መስጠት አለባቸው። ዲሲ ውስጥ ደግሞ በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት ከአስተማሪ ጋር ስትነጋገሩ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላላችሁ። የስምንት ዓመት ልጃችሁን አታስተርጉሙት።

ደካማ የሰፈር ትምህርት ቤት የለም አልልም። አለ፤ ከቤት ኪራዩ ጋር የሚሄድም ነው። ግን የፈተና ውጤቱን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። ያ ቁጥር ባብዛኛው የወላጆችን ገቢ ያሳያል። ልጆቹ በዓመት ውስጥ ምን ያህል እንዳደጉ የሚያሳየውን ቁጥር ፈልጉ። ካለፈው ዓመት አስተማሪዎች ስንቱ ቀሩ ብላችሁ ርዕሰ መምህሯን ጠይቁ። በመውጫ ሰዓት በር ላይ ቆማችሁ አስተማሪዎቹ ልጆቹን በስማቸው ሲሸኙ ስሙ።

እንግዲህ ማን የቱን?

በዚህ ዓመት ወይም በሚቀጥለው ልትዛወሩ ካሰባችሁ የሰፈሩን እመርጣለሁ። ወደ ሌላ ካውንቲ ብትሄዱም ልጁ የሚያገኘው ተመሳሳይ አካሄድ ነው። ቤት የገዛችሁ፣ አንዳችሁ ጠዋት አንዳችሁ ማታ መንዳት የምትችሉ፣ አማርኛው ቤት ውስጥ የጸና ከሆነ ኢመርሽን በጣም ያዋጣል። ሁለተኛው ልጅም የወንድም እህት ቅድሚያ ስለሚያገኝ ልፋቱ ይቀላል። አንድ ነገር ከያዘ የማይለቅ፣ ሲቆጣጠሩት የሚከፋው ልጅ ካላችሁ ሞንቴሶሪውን ሄዳችሁ እዩት። የንግግር መዘግየት ወይም ሌላ ልዩ ድጋፍ የሚፈልግ ልጅ ካላችሁ ግን ሦስቱንም ቦታ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ድጋፉን የሚሰጠው ባለሙያ እዚሁ ሕንጻ ውስጥ በሳምንት ስንት ቀን ይገኛል?

ስለ ዲሲው ሎተሪ

እስከ 12 ትምህርት ቤት መምረጥ ይቻላል። ቀድሞ ያመለከተ ብልጫ የለውም፤ ከማብቂያው ቀን በፊት መግባቱ ይበቃል። ቅጹን በአማርኛ የሚያስረዳ መረጃም አላቸው። ብዙ ሰው «ይሄ ከባድ ነው፣ አይደርሰንም» ብሎ የሚወደውን ታች ያደርገዋል። እንዲህ አታድርጉ። በእውነት በምትፈልጉት ቅደም ተከተል አስቀምጡ። አንዱ ሲደርሳችሁ ከሱ በላይ የጻፋችኋቸው ላይ ዌይትሊስት ትቆያላችሁ፤ ከሱ በታች ካሉት ግን ትሰረዛላችሁ። ስለዚህ ልጃችሁን የማትልኩበትን ቦታ ቁጥር ለመሙላት ብላችሁ አትጻፉ። የደረሳችሁን ቦታ ደግሞ በመመዝገቢያው ቀን ውስጥ የነዋሪነት ማስረጃ ይዛችሁ ሄዳችሁ ያዙት። ቀኑ ካለፈ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ዌይትሊስቱ እስከ መስከረም ስለሚንቀሳቀስ ስልካችሁን ክፍት አድርጉ፤ የማታውቁት ቁጥር ሲደውልም አንሱ።