የአጥቢያ ማኅበር ወይስ የገዳም ጉዞ?

ለመንፈሳዊ ሕይወት የትኛው ይበልጣል? ደብረ ብርሃን ለሚኖር ምእመን ሁለቱም ቅርብ ናቸው። ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ወርዶ ሱባኤ የያዘ ሰው ከሥራና ከስልክ ይርቃል፤ ይጾማል፣ ይሰግዳል፣ ጸበል ይጠመቃል። ግንቦት 12 ቀን ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ደብረ ሊባኖስ መድረስም ልብን ያነሣሣል። ችግሩ፣ እዚያ ቁጣውንም ስስቱንም የሚያውቅበት የለም።

በአጥቢያው ሰንበቴና በጽዋ ማኅበሩ ግን ተራው ሲደርስ ይደግሳል፤ የታመመ ይጠይቃል፤ ለቅሶ ይደርሳል። ካስቀየመው ሰው ጋር ከአንድ ጽዋ መጠጣት ስላለበት ወይ ይታረቃል ወይ ይቀራል። የንስሐ አባቱም የዓመታት ድካሙን ስለሚያውቁ ምክራቸው ቁስሉን አይስትም። ሐሜት አለ፤ በተለይ ጠላው ሲበረክት። ቢሆንም ለዘለቄታው አጥቢያውን እመርጣለሁ፤ ጉዞውን ለፍልሰታ ጾም አቆየዋለሁ።