የዕለት ሜካፕ አቀባብን ላስተማረችኝ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና እና ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የዕለት ተዕለት ሜካፕ አቀባብን በትዕግሥት ላስተማረችኝ ባለሙያ በአደባባይ ምስጋናዬን ለማቅረብ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ጠዋት ከቤት ከመውጣታቸው በፊት በአጭር ጊዜ ፊታቸውን በወጉ ማሰናዳት ለሚፈልጉ እህቶች እርሷን ለመጠቆም ነው። ስሟ በይፋ እንዲነሳ ስላልፈለገች አልጠቅሰውም፤ ለሚጠይቀኝ ሰው ግን ፈቃዷን ጠይቄ አድራሻዋን በውስጥ መስመር እልካለሁ።

ሜካፕ ሠሪ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ለሠርግ ወይም ለምርቃት አስውቦ የሚሸኝ ሰው ነው። የዚህች ባለሙያ ሥራ ከዚያ ይለያል። የደንበኛዋን ፊት ግማሹን ብቻ እየተናገረችና እያሳየች ትሠራና ብሩሹን ለደንበኛዋ አስረክባ ሌላኛውን ግማሽ እንድትሠራው ትተዋታለች፤ ሁለቱ ጎኖች እስኪመሳሰሉም ድረስ ከአጠገቧ ቆማ ታርማታለች። ምርት አትሸጥም፣ የዚህን ኩባንያ ግዙ የዚያን ተዉ ብላም አትወተውትም። በቦርሳችን ያለውን አስዘርግፋ የሚበጀውን ከማይበጀው ትለያለች፤ አብዛኛውን ጊዜም አዲስ ነገር ሳይገዛ ሥራው ይጠናቀቃል።

ረጅሙን ሰዓት የምትሰጠው፣ ብዙዎቻችን በጥድፊያ ለምናልፈው ለቆዳ ዝግጅት ነው። ፊት ከታጠበ በኋላ ማለስለሻ ክሬም፣ ቀጥሎ የፀሐይ መከላከያ፣ ከዚያ በኋላ ሜካፕ የሚለውን ቅደም ተከተል አታስነካም፤ በእያንዳንዱ መካከልም የፊተኛው ቆዳ ላይ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ግዴታ ነው። ምክንያቱን ስታስረዳ፣ እርጥብ ክሬም ላይ የተደረበ ፋውንዴሽን (የፊትን ቀለም አንድ ወጥ የሚያደርግ ቅባት) ከሥሩ ካለው ጋር እየተንሸራተተ ስለሚጠቀለል እንደ ፍርፋሪ ይነሳል ትላለች። ከሥር ያለው ሲሊኮን (ከውኃ ጋር የማይዋሐድ ማለስለሻ ንጥረ ነገር) የበዛበት፣ ከላይ ያለው ደግሞ ውኃ የበዛበት ሲሆንም ሁለቱ ሳይስማሙ ፊት ላይ ሊለያዩ ይችላሉ። ፋውንዴሽኑ ራሱ የፀሐይ መከላከያ አለው ብለው ክሬሙን ለሚተዉ ሰዎች የምትሰጠው መልስም አሳማኝ ነው። በማሸጊያው ላይ የሚጻፈው የመከላከያ ቁጥር በቤተ ሙከራ የሚለካው በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊ ግራም ተቀብቶ ነው፤ ያን ያህል ፋውንዴሽን ፊቱ ላይ የሚደፋ ሰው ስለሌለ የተጻፈው መከላከያ በተግባር አይገኝም።

በቀለም ምርጫ ላይ ያላት አቋም ጥብቅ ነው፤ እኔም ሙሉ በሙሉ እጋራዋለሁ። ከቆዳ ቀለም የቀለለ ፋውንዴሽን ለመቀባት የሚፈልግ ሰው ሲመጣ በትሕትና እምቢ ትላለች፤ እንዲህ ያለው ቀለም ፊትን አመዳም ያደርገዋል፣ ከአንገትም ይለየዋል። ቀለሙ የሚሞከረው በእጅ ጀርባ ላይ አይደለም፤ ከጉንጭ በታች፣ መንጋጋና አንገት በሚገናኙበት መስመር ላይ ሁለት ወይም ሦስት የተቀራረቡ ቀለሞች በቀጭኑ ይሰመሩና፣ በቀን ብርሃን ሲታዩ ከቆዳው ጋር ተዋሕዶ የጠፋው ይመረጣል። ከአየርና ከቆዳ ወዝ ጋር ሲገናኙ የሚጠቁሩ ፋውንዴሽኖች ስላሉ ለመወሰን መቸኮል አይገባም። ከዚህም ሌላ ሁለት ሰዎች እኩል ጠይም ሆነው ሳለ የአንዷ ቆዳ ወደ ቢጫ፣ የሌላዋ ወደ ቀይ ያደላ ይሆናል፤ ለአንዷ የተስማማው ለሌላዋ የማይሆነው በዚህ የተነሳ ነው።

ከተማርኩት ሁሉ ከፍ ያለ ዋጋ የምሰጠው ከዓይን ሥርና ከአፍ ዙሪያ ስለሚታየው ጥቁረት የነገረችኝን ነው። በጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ይህን ጥቁረት በነጣ ኮንሲለር (ጥቁረትንና ጠባሳን በሚሸፍን ወፍራም ቅባት) ለመሸፈን መሞከር ግራጫ ጥላ እንጂ ብሩህ ገጽታ አያመጣም። ወደ ሰማያዊ የሚያደላውን ጥላ የሚያጠፋው ተቃራኒ ቀለሙ ብርቱካንማ ስለሆነ፣ ብርቱካንማ ማስተካከያ በጥቁረቱ ላይ ብቻ እጅግ ስስ ሆኖ ከተቀባ በኋላ ኮንሲለር በጥቂቱ ይደረብበታል። በዚህ መንገድ የሚያስፈልገው የኮንሲለር መጠን በጣም ይቀንሳል፤ ከዓይን ሥር ባሉት ቀጫጭን መስመሮች ውስጥ እየገባ የሚሰነጣጠቀውም ነገር አብሮ ይቀንሳል።

መጠንን በተመለከተ የምትከተለው ደንብ ከፊት መካከል መጀመር ነው። የቆዳ ቀለም ብዙውን ጊዜ የሚዘበራረቀው በአፍንጫ ዙሪያ፣ በጉንጭና በአገጭ ስለሆነ ፋውንዴሽኑ እዚያ ተጀምሮ ወደ ጆሮና ወደ ፀጉር መስመር እየሳሳ ይሄዳል፤ ዳር ላይ ሲደርስ ምንም ያህል ባይቀር ይመረጣል። ስፖንጁ በውኃ ተነክሮ በደንብ ይጨመቃል፤ ደረቅ ስፖንጅ ፋውንዴሽኑን ራሱ ይጠጣዋልና። ከዚያም መታ መታ ይደረጋል እንጂ አይጎተትም፣ መጎተት የተቀባውን መልሶ ያነሳዋል። ፓውደር የሚያስፈልገው ወዝ በሚበዛበት ቦታ ማለትም በግንባር፣ በአፍንጫና በአገጭ ብቻ ነው። ክሬም የሆነ ብላሽ (የጉንጭ ቀለም) ከፓውደር በፊት፣ ዱቄት የሆነው ከፓውደር በኋላ ይቀባል፤ ይህ ቅደም ተከተል ሲዛባ ጉንጭ ላይ ነጠብጣብ ይፈጠራል። ቀን ላይ ፊት ሲያብረቀርቅ ደግሞ ወዙ በስስ ወረቀት ተጭኖ ሳይነሳ ፓውደር አይደረብም።

ስለ ዓይን የምትለው አጭር ነው። ቅንድብ በእርሳስ ሲሠራ ፀጉሩ በሚያድግበት አቅጣጫ አጫጭር መስመሮች ከመሐል ወደ ጫፍ ይሳላሉ፤ ወደ አፍንጫ ያለው መነሻ ከሁሉም የቀለለ ሆኖ ይቆያል፣ በመጨረሻም በብሩሽ ይበጠራል። ኩል በሽፋሽፍት ሥር መካከል ነጥብ ነጥብ እየተደረገ ሲገባ፣ መስመሩ ሳይታይ ሽፋሽፍቱ የበዛ ይመስላል። የማስካራ (የሽፋሽፍት ቀለም) ብሩሽ ከሽፋሽፍቱ ሥር ጀምሮ ግራና ቀኝ እየተወዘወዘ ወደ ላይ ይወጣል። ብሩሹን በጠርሙሱ ውስጥ ደጋግሞ ማስገባትና ማውጣት አየር ስለሚያስገባ ማስካራው ቶሎ ይደርቃል፤ ለጀርሞችም ይጋለጣል። ከተከፈተ 3 ወር ገደማ የሆነውን ማስካራ ጠረኑ ባይለወጥ እንኳ ታስጥላለች፤ ማስካራ መዋዋስን ደግሞ ፈጽሞ ትከለክላለች። ለሌሎቹ ምርቶች በማሸጊያቸው ላይ ክዳኑ የተከፈተ ትንሽ ብልቃጥ ሥዕል እንዳለ አሳይታኛለች፤ በሥዕሉ ላይ ያለው 6 ወይም 12 የሚል ቁጥር ምርቱ ከተከፈተ በኋላ ሊያገለግል የሚችልበትን ወር ያመለክታል።

ንጽሕና ላይ ቀልድ አታውቅም። ብሩሾች ቢያንስ በየ7 እስከ 10 ቀኑ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና መታጠብ አለባቸው፤ ሲታጠቡም ፀጉራቸው ወደ ታች ይሆናል፣ አለበለዚያ ውኃው ወደ እጀታው ገብቶ ሙጫውን ያላቅቀዋል። እርጥብ ስፖንጅ በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ መክተት ሻጋታ ማርባት ነው። ማታ ማስካራን ለማስለቀቅ በዘይት ወይም በማስለቀቂያ የረጠበ ጥጥ በተከደነ ዓይን ላይ ለጥቂት ሰከንዶች ተደርጎ ይቆያል እንጂ አይፈተግም።

ለሚዛናዊነት ያህል መናገር ያለብኝ ነገር አለ። ባለሙያዋ ዝግ ያለች ናት፤ አንዱ ደረጃ በእጃችን ሳይገባ ወደ ሌላው አትሻገርም፣ ይህም ችኩል ሰውን ሊያሰለች ይችላል፤ እኔንም አልፎ አልፎ ተፈታትኖኛል። ለድግስ የሚሆን ደማቅ የዓይን ቀለምና ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት የምትፈልግ እህትም ሌላ ባለሙያ ብትፈልግ ይሻላታል። በየቀኑ የሚደገም፣ የማይከብድና ከራስ ፊት ጋር የሚስማማ ሜካፕ ለምትፈልግ ግን ከእርሷ የተሻለ አስተማሪ አላየሁም። እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ፤ ዕውቀትሽን ሳትሰስቺ ስላካፈልሽኝ ከልብ አመሰግንሻለሁ።

ወደ እርሷ የምትሄዱ ከሆነ ቀጠሮውን በቀን ያዙ፤ የምታስተምረው ፊት ለፊት ብርሃን በሚያስገባ መስኮት አጠገብ ነው፣ ከጣሪያ አምፖል ሥር ግን ከዓይን በታች ጥላ ስለሚያርፍ አትሠራም። ፊታችሁን ምንም ሳትቀቡ፣ ያላችሁን ዕቃ ሁሉ ብሩሾቹን ጨምሮ ይዛችሁ ሂዱ። ቆዳችሁ የሚቆጣበት ነገር ካለ አስቀድማችሁ ንገሯት፤ አዲስ ምርት ካመጣችሁም በክንዳችሁ ውስጠኛ ክፍል ለጥቂት ቀናት ሞክራችሁት ካልሆነ ፊታችሁ ላይ አታስቀባችሁም።