ኒዮ ጂኦ ከወራት በኋላ፦ ማሽኑ ንጉሥ፣ ካርዱ ከሃዲ

እስካለፈው ሳምንት ድረስ ስለ ኒዮ ጂኦ፣ ስለዚያ አሮጌ የጌም ማሽኔ፣ ብትጠይቁኝ ምስጋና ብቻ ነበር የምትሰሙት። አሁን ግን ተናድጃለሁ፣ ንዴቴ ሳይበርድም ነው የምጽፈው። የተናደድኩት በማሽኑ አይደለም፤ አብሮት በመጣው፣ ጨዋታው ላይ የደረስክበትን በሚያስቀምጠው ሚሞሪ ካርድ ነው። የባንክ ካርድ የምታህል ነገር ናት፣ ግን ያንድ ክረምት ልፋቴን ይዛ ጠፋች።

የ1990ውን ማጂሺያን ሎርድ የሚባል ጨዋታ የሞከረ ሰው ሐዘኔ ይገባዋል። ኤልታ የሚባለው ጠንቋይ አንዴ ድራጎን፣ አንዴ ኒንጃ እየሆነ ስምንት ደረጃ ማለፍ አለበት። ጨዋታው ግን ርኅራኄ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ጭራቁ ከየት እንደሚመጣ በቃል ካላጠናህ አትተርፍም። ማታ ማታ ከሥራ ስገባ ትንሽ ትንሽ እየገፋሁ፣ ከሥር ከሥር ካርዱ ላይ ሴቭ እያደረግኩ፣ መጨረሻው አካባቢ ደርሼ ነበር። ከዚያ የሥራ ሰዓቴ ተቀየረና ማሽኑን ለተወሰነ ጊዜ ሳልነካው ቆየሁ። ተመልሼ ካርዱን ስሰካ ባዶ ነው። እንደገና አወጣሁ፣ ጫፉን ጠረግሁ፣ ሰካሁ። ባዶ!

ምክንያቱ ውስብስብ አይደለም። ካርዱ ውስጥ ያለችው ሚሞሪ 2 ኪሎባይት ብቻ ናት፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥባት የያዘችውን ሁሉ ትረሳለች። ተሰክታ ማሽኑም በርቶ ሳለ ኃይል የምታገኘው ከማሽኑ ነው። ስትነቀል ወይም ማሽኑ ሲጠፋ ግን ሕይወቷ ያለው ሲአር2016 በምትባል ክብ የሰዓት ባትሪ ላይ ነው። ባትሪዋ ከደከመች አለቀ፤ ማስጠንቀቂያ የለ፣ ቀይ መብራት የለ።

ማሽኑን የሸጠልኝ ሰው ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «ወንድሜ፣ የሠላሳ ምናምን ዓመት ዕቃ ነው፣ ምን ጠብቀህ ነበር?» ይለኛል። እሺ፣ ዕቃው አሮጌ ነው፤ አዲስ ነው ብሎ የገዛው የለም። ግን አንተ ማስታወቂያህ ላይ «ሁሉም ተፈትሿል፣ ካርዱም ይሠራል» ብለህ በዚያው ልክ ዋጋ ጨምረህበታል። ካርዱን እንዴት ፈተሽከው? ሰክተህ፣ ሴቭ አድርገህ፣ እዚያው መልሰህ ከፍተህ ነዋ! ባትሪው ከሞተ ዓመታት ያለፉት ካርድም እንዲህ ቢፈተሽ ያልፋል፤ ኃይሉን ከማሽኑ እያገኘ ለምን አይሠራም? «ያው ባትሪ ቀይርበት» ትለኛለህ ደግሞ። እቀይራለሁ፤ የባትሪው ዋጋ ከቡና አይበልጥም። የጠፋብኝን ደረጃ ማን ይቀይርልኛል?

ነገሩ ይበልጥ የሚያናድደው ካርዱ በዚህ ማሽን ላይ ተራ ተጨማሪ ዕቃ ስላልሆነ ነው። የኦሳካው ኩባንያ ኤስኤንኬ ኒዮ ጂኦን በ1990 ጃፓን ውስጥ ሲያወጣ መጀመሪያ የታሰበው ለሽያጭ ሳይሆን ለኪራይ ነበር፤ ለሱቆችና ለሆቴሎች። እንደኔ እንደኔ ካርዱ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው፤ ማሽኑ የአንተ ካልሆነ ቢያንስ የደረስክበት ደረጃ ኪስህ ውስጥ ይሁን ነው ነገሩ። ከቤት ኮንሶሎች ተነቃይ ሚሞሪ ካርድ ይዞ በመምጣት የመጀመሪያው እሱ ነው። ያው ካርድ ሳንቲም በሚበላው በትልቁ የኤስኤንኬ ማሽን ላይም ይሰካ ነበር። ቤት የጀመርከውን ውጭ ትጨርሳለህ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ይህን ማሰብ ቀላል አይደለም፤ ክብር ለሚገባው ክብር።

ሌላም ምክንያት አለ። ውስጡ ያለው ጨዋታ ከሳንቲም ማሽኑ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ጨዋታውን የያዘው ካርትሪጅ ግን ቤት ውስጥ መሆኑን ሲያውቅ ጠባዩን ይቀይራል፤ በብዙ ጨዋታዎች ላይ ከሞትክ በኋላ የምትቀጥልበትን ዕድል ይቆጥርብሃል። ሳንቲም ማሽኑ ጋ ኪስህ እስካላለቀ ድረስ ትቀጥላለህ፤ ቤትህ ሶፋህ ላይ ተቀምጠህ ግን «ይበቃሃል» ትባላለህ። ይህን ያህል ገንዘብ ከፍሎ በገዛ ቤቱ የሚከለከል ሰው እኔን አየሁ። ታዲያ ያንን ክልከላ የሚያለዝበው ካርዱ ነው። «ዩኒቨርስ ባዮስ የሚባለውን ቺፕ አስገባበትና ወደ ሳንቲም ማሽን ጠባይ ቀይረው» የሚሉኝ አሉ። ይሠራል፣ ውሸት አይደለም፤ ግን ብየዳ ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ በዚህ ዋጋ የገዛሁትን ሰሌዳ በጋለ ብረት የምነካበት ወኔ የለኝም።

ስለ ዋጋው ላንሳ፣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነው። አሜሪካ ውስጥ ወርቃማው ተብሎ የተሸጠው ሙሉ ጥቅል 650 ዶላር ነበር። በ1991 ተፎካካሪው ኮንሶል ሱፐር ኒንቴንዶ 199 ዶላር ሲሸጥ ማለት ነው። አንድ ካርትሪጅ ደግሞ ወደ 200 ዶላር ይጠጋ ነበር፤ በአንድ ጨዋታ ዋጋ የጎረቤትህ ልጅ ሙሉ ኮንሶል ይገዛል። ዛሬም አልረከሰም። በ1996 የወጣው ሜታል ስለግ በዋናው የቤት ካርትሪጅ ሺዎች ዶላር ይጠየቅበታል። እኔ እሱን በሩቁ ነው የማየው። የጃፓን ካርትሪጆችን ፈልጉ፤ በብዙ ጨዋታ ላይ ከአሜሪካው ይረክሳሉ፣ ማንኛውም ማሽን ላይ ይሠራሉ። አሜሪካን ማሽን ላይ ስትሰኩት በብዙ ጨዋታ ላይ ጽሑፉ ራሱ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል፣ ምክንያቱም ቋንቋውን የሚወስነው ማሽኑ እንጂ ካርትሪጁ አይደለም። ደሙም አብሮ ይለወጣል፤ ሳሙራይ ሾውዳውን የሚባለውን የሰይፍ ፍልሚያ ጨዋታ ቀይ ደም ያየ ሰው አሜሪካን ማሽን ላይ ሲያጣው ይገርመዋል።

ጆይስቲኩን ሳልጠቅስ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ጭኔ ላይ ሳስቀምጠው ይከብዳል፣ ዱላው በያንዳንዱ እንቅስቃሴ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ከሥር የሚኖሩት ሰዎችም ይሰሙታል ብዬ እገምታለሁ። ልጅ ሆኜ ጌም ቤት ተሰልፈን በየዙሩ ከፍለን ስንጫወት የነበረው የፕሌይስቴሽን መያዣ አውራ ጣት ያቆስል ነበር። ይኼ ግን ሙሉ እጅ ነው የሚጠይቀው። ፌታል ፊዩሪ የሚባለውን የድብድብ ጨዋታ በዚህ ዱላ የተጫወተ ሰው ወደ ሌላ መመለስ ይከብደዋል። እሑድ እሑድ የሚመጣው ጓደኛዬ በሽንፈቱ ሁሌ የሚያሳብበው በዱላው ነው፣ ዱላው ግን ንጹሕ ነው።

ምስልና ድምፅ ላይ የምለው ትንሽ ነው፤ ጥሩ ነው። አዲስ ቴሌቪዥን ላይ ግን አይሆንም፤ ምስሉ ይዘገያል፣ ይደበዝዛል። እኔ ሰው ሊጥለው የነበረ ባለ ትዩብ ቴሌቪዥን አምጥቼ ነው የተገላገልኩት። ቦታ ይይዛል፣ ባለቤቴ አልወደደችውም፣ እዚያው አለ።

አዳፕተር ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ከማሽኑ ሥር የተለጠፈውን ጽሑፍ ሳታነቡ አትሰኩ። መጀመሪያ የወጡት ማሽኖች የሚወስዱት 5 ቮልት ነው፣ የኋለኞቹ ከዚያ ይበልጣል። የኋለኛውን አዳፕተር ለቀደመው ከሰጠኸው ማሽኑን በእጅህ ገደልከው።

እና ልሽጠው? አልሸጥም። ትናንት ማታ ተናድጄ ዋጋ ሁሉ አይቼበት ነበር፤ ከዚያ አንድ ዙር ልጫወት ብዬ ጀመርኩና እኩለ ሌሊት አለፈ። ለካርዱ ግን ሁለተኛ ዕድል አልሰጠውም። አሁን ባትሪ የማያስፈልጋቸው፣ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም የማይረሱ ካርዶች አድናቂዎች ራሳቸው ሠርተው ይሸጣሉ፤ አንዱን አዝዣለሁ። አሮጌውን ማቆየት የምትፈልጉ ደግሞ ባትሪውን የምትቀይሩት ካርዱ ተሰክቶ፣ ማሽኑም በርቶ እያለ ይሁን፤ ያኔ ውስጡ ያለው አይጠፋም።

የምትገዙ ካላችሁ ሻጩን «ካርዱ ይሠራል?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ ይሠራል ነው የሚላችሁ። ሴቭ አድርጎበት፣ ነቅሎት፣ መሳቢያ ውስጥ ሳምንት አቆይቶ እንደገና ይሰካውና ያሳያችሁ። «ጊዜ የለኝም» ካለ የካርዱን ዋጋ ይቀንስ።