ለበዓል ማታ የትኛው የሚና ጨዋታ ይሻላል? አራቱን አነጻጽሬያቸዋለሁ

ባለፈው ገና ማታ ቤታችን ስምንት ሰው ነበር። ዶሮው ተበልቷል፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል፣ መብራት ደግሞ የለም። ሻማ ለኮስንና የሚና ጨዋታ አመጣሁ። ለማታውቁት፣ አንዱ አጫዋች ይሆንና ታሪኩን ይጀምራል፣ ሌላው ሁሉ በታሪኩ ውስጥ አንድ ሰው ሆኖ "እኔ እንዲህ አደርጋለሁ" ይላል፣ ይሳካ አይሳካ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ዳይስ ይወረወራል። ተረት ተረት ነው፣ ግን መጨረሻውን ተራኪውም አያውቀውም።

ከዚያ ወዲህ እዚህ ጅማ ያሉ ጓደኞቼ "የቱን ልግዛ?" እያሉ ይጠይቁኛል። መጀመሪያ ገንዘብ አታውጡ እላቸዋለሁ። ተጫውተው ከማያውቁ ሰዎች ጋር ስትቀመጡ ሕጉን በአምስት ደቂቃ አስረድታችሁ ካልጨረሳችሁ ጨዋታው አለቀለት። ልጁ ስልኩን ያወጣል፣ አያታችን ይተኛሉ።

ለዚህ ነው ሌዘርስ ኤንድ ፊሊንግስን የማስቀድመው። ጆን ሃርፐር በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው፣ ነፃ ነው፣ ጠቅላላው አንድ ገጽ ነው። የሚያስፈልጋችሁ የሉዶ ዳይስ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ሰፈር ሱቅ አይጠፋም። እያንዳንዱ ተጫዋች ከ2 እስከ 5 አንድ ቁጥር ይመርጣል። ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ በመሣሪያና በስሌት ጎበዝ ነው፣ ትንሽ ከሆነ ሰውን በማግባባት። በመጀመሪያው ነገር ከቁጥሩ በታች፣ በሁለተኛው ከቁጥሩ በላይ መጣል አለበት። ልክ ቁጥሩን ከጣለ ተሳክቶለታል፣ በዚያ ላይ አጫዋቹን አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፣ አጫዋቹም እውነቱን ይመልሳል።

የተጻፈው ለጠፈር መርከብ ነው። እኔ መርከቧን ትቼ ዶሮ አስገባሁበት። ታኅሣሥ 28 ማታ ነው፣ የ43 ቀኑ ጾም ሊፈታ ጥቂት ሰዓት ቀርቶታል፣ በ12 ብልት ሊወጣ የታሰበው አውራ ዶሮ ገመዱን በጥሶ ወደ ጅሬን አቅጣጫ ሮጧል። አንዱን ችሎታ "እጅ"፣ ሌላውን "አፍ" አልነው። አክስቴ ሳታመነታ 2 መረጠች፣ ማለትም ሙሉ በሙሉ አፍ። ዶሮውን አላየሁም ብሎ በሩ ላይ ከቆመው ጎረቤት ጋር ስትከራከር ዳይሱን በሲኒ አንቀጥቅጣ ጣለችው፤ 2! "እሺ፣ የት ደበቀው?" አለችኝ። መዋሸት አይቻልም። "አልጋ ሥር" አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ፣ አያታችንም አልተኙም።

ሃኒ ሃይስት ለልጆች ከዚህም ይቀላል። የግራንት ሃዊት ሥራ ነው፣ እሱም አንድ ገጽ፣ ዋጋውን እናንተ ናችሁ የምትወስኑት። ተጫዋቾቹ ማር ሊሰርቁ የተነሡ ድቦች ናቸው። ሁለት ዓይነት ነጥብ ብቻ አላቸው፣ ድብነትና ወንጀለኛነት፣ ሁለቱም ከ3 ይጀምራሉ። ዕቅድ ሲበላሽ አንድ ነጥብ ወደ ድብነት ይሄዳል፣ ሲሳካ ወደ ወንጀለኛነት ይመለሳል፣ አንዱ 6 ከደረሰ ያ ተጫዋች ከጨዋታው ወጣ። በኢድ ጎረቤቶቻችን ቤት ስንጫወት ልጆቹ ድቡን አልወደዱትም፣ ጦጣ አደረጉት። ማሩን ግን ማንም ማብራራት አላስፈለገውም፣ የጅማ ልጆች ናቸው። ጉድለቱ አንድ ነው፤ ከአንድ ማታ በላይ አይቆይም።

ፊያስኮ ለትልልቅ ሰዎች ነው። ከ3 እስከ 5 ሰው ይጫወተዋል፣ አጫዋች የለውም፣ ታሪኩም በራሳቸው ስግብግብነት ስለሚወድቁ ሰዎች ነው። ጥሩ ጨዋታ ነው፣ ለቤተሰብ በዓል ግን አልመርጠውም።

ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን በስም የማያውቀው የለም፤ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጡት የሁሉም አባት ነው። እወደዋለሁ። ግን ባለ 20 ፊት፣ ባለ 12 ፊት፣ ባለ 8 ፊት ዳይስ ይፈልጋል፤ እኔ የራሴን ያገኘሁት ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ለወራት ጠብቄ ነው። በታሪኩ ውስጥ የሚሆነውን ሰው ፈጥሮ ለመጨረስ ብቻ ለጀማሪ አንድ ሰዓት ሊፈጅበት ይችላል። በየሳምንቱ ቅዳሜ የሚሰበሰቡ አራት ጓደኞች ካሏችሁ ግን ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ያ ሰው ከእናንተ ጋር እያደገ ለዓመት ይቆያል። ያኔም ቢሆን መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት በነፃ የሚወርደውን መሠረታዊ ሕግ ሞክሩት፣ ከወደዳችሁት ዳይሱን ብቻ አስመጡ።

በዓል ላይ ለምታስቡት ግን ከሁለቱ ባለ አንድ ገጽ ጨዋታዎች አንዱን አሁኑኑ አውርዳችሁ ፕሪንት አስደርጉት። በዋዜማው ፕሪንት ቤት ሰልፍ ነው፣ በዓሉ ዕለት ዝግ ነው።