ከአባቴ የወረስኳት ፔጆ 404፦ አድሼ ከዓመት በላይ ከነዳኋት በኋላ

ፍርዴን ከመጀመሪያው ልናገር። ፔጆ 404ን አድሶ በየቀኑ መንዳት ይቻላል። እኔ ሐረር ላይ እየነዳኋት ነው። ገበያ ትሄዳለች፣ ልጆች ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ወደ ድሬ (ድሬዳዋ) ትወርዳለች፣ በመሐል ያለውን የደንገጎን ዳገት ተመልሳ ትወጣለች። ግን ያላችሁን ገንዘብ ከቀለም በፊት ለፍሬንና ለራዲያተር አውጡት። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ አቋም የሚነሳ ነው።

ሐረር ላደገ ሰው 404ን ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ባጃጅ ከተማውን ሳይሞላው በፊት ሰው የሚያመላልሱት እነዚህ ሰማያዊና ነጭ ፔጆዎች ነበሩ። ለሌላው አንባቢ ባጭሩ፦ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1975 ፈረንሳይ ውስጥ ሶሾ ላይ የተሠራች፣ ቅርጿን የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ያወጣላት ባለአራት በር መኪና ናት። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፋለች። በዚያ ጭቃና አቧራ ያሸነፈች መኪና ለእኛ መንገድ ለምን እንደተስማማች ሌላ ምስክር አያሻም።

የኔዋ የአባቴ ታክሲ ነበረች። አባቴ ሲያርፍ እንዳለች ለኔ ደረሰች። ሞተሯ ይነሳል፤ ፍሬኗ ግን እስከ ታች ይገባል። ዳገት ላይ ትፈላለች። የበሮቹ ሥር በዝገት ተበልቷል። መብራቷ ሌሊት ከሻማ አይሻልም ነበር። ኮድና ሊብሬ የማዞሩን ጣጣ አልፈዋለሁ፤ የሄደበት ያውቀዋል።

የአባቴ መካኒክ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚለው ሰው፣ ኮፋኖውን ከፍቶ ሞተሩን አስነሳና ቆሞ አዳመጠ።

«አቦ፣ ሞተሩን አትንካው» አለኝ። «መጀመሪያ መቆሟን እንይ።»

እውነቱን ነበር። በአራቱም እግሯ ያለው ታምቡር ፍሬን ነው፤ ታምቡር ከጎማው ጋር የሚዞር የብረት ከበሮ ሲሆን፣ ሸራ የሚባለው ልባስ ከውስጥ ተጭኖ ያቆመዋል። ኋላ የመጡት 404ዎች ፊት ላይ ዲስክ አላቸው፤ የኔ የላትም። ታምቡር ለከተማ መንገድ ይበቃል። ደንገጎ ግን ሌላ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ካለው ደጋ ተነስታችሁ 1,200 ሜትር ላይ ወዳለችው ድሬዳዋ ነው የምትወርዱት። ፍሬን ረግጣችሁ ከያዛችሁ ታምቡሩ ይግላል። ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፣ ፔዳሉም ወደ ታች ይወርዳል። ሸራውም ራሱ ሲግል መያዝ ይተዋል።

ታምቡሮቹን አውልቀን ድሬ ቶርኖ ቤት (ብረት የሚላጥበት ቤት) ወሰድናቸው። ውስጣቸው በጥፍር ሲዳሰስ ሸንተረሩ ይቆጠራል። ሦስቱ በጥቂቱ ተልጠው ዳኑ። አራተኛው ሸንተረሩ ሳይጠፋ ከልኩ በላይ ሊሳሳ ሆነ። የሳሳ ታምቡር ደግሞ ቶሎ ይግላል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። እሱን ጥለን ከቆመች ሌላ 404 ላይ አወጣን። ሸራው ትንሽ አንገላታኝ። ከአንድ መደብር «ኦሪጅናል» ተብሎ የተሸጠልኝ ብዙም ሳይቆይ ተሰነጣጠቀ። በመጨረሻ የጭነት መኪና ሸራ የሚሠራ ባለሙያ በልኳ ቆርጦ በመዳብ ሪቬት መታልኝ። ይኸው እስከዛሬ አለ። ጎሚኒዎቹን (የፍሬን ላስቲኮቹን)፣ ቱቦዎቹንና የፍሬን ዘይቱን አንድም ሳናስቀር ቀየርን። የፍሬን ዘይት ውሃ ከአየር ይስባል። ውሃ የገባበት ዘይት ደግሞ ቁልቁለት ላይ ይፈላና ፔዳሉን ባዶ ያደርገዋል። መኪናችሁ ለረጅም ጊዜ ቆማ ከነበር ቀለሙ ጥሩ ነው ብላችሁ አትተዉት።

አሁን ፔዳሉ ከፍ ብሎ ይይዛል። ቁልቁለቱን በሦስተኛ፣ ሲብስም በሁለተኛ ማርሽ ነው የምወርደው። ፍሬኑን ረገጥ አድርጌ እለቃለሁ እንጂ ተጭኜ አልቆይም። ቅሬታ አለኝ? አለኝ። ክረምት ጎርፍ ካቋረጠች በኋላ የመጀመሪያው ረገጣ ወደ ግራ ይጎትታል። እየነዳችሁ ቀስ ብላችሁ ረገጥ ረገጥ ስታደርጉት ይደርቃል። ግን ይህን የማያውቅ ሰው መሪውን ቢይዝ ይደነግጣል። መኪናዋን ለማንም የማላውሰው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ሙቀቱ። የምትፈላበትን ምክንያት ብዙ ሰው የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና ግንድ መሐል ያለው ማሸጊያ) ነው አለኝ። ጋሼ ግን የራዲያተሩን ክዳን አወጣና ላስቲኩን በጣቱ ጫን አደረገው። ደርቆ እንደ ብስኩት ተፈረፈረ። ነገሩ ቀላል ፊዚክስ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ይቀንሳል። ሐረር ላይ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ደጋው አናት ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ክዳኑ ግፊት አፍኖ ሲይዝ ነው ውሃው ሳይፈላ ከዚያ በላይ የሚሞቀው። ላስቲኩ ከሞተ መኪናዋ ከድሬ ስትወጣ፣ ሞተሩ ገና ጤነኛ ሙቀት ላይ እያለ፣ ውሃዋን ትተፋለች። ከጠቅላላ ዕድሳቱ በጣም ርካሹ ዕቃ ይህ ክዳን ነበር። ብዙ ሰው ሞተር ያስወረደው በሱ ምክንያት ይመስለኛል።

ራዲያተሩንም አስጠርገናል። ቬንትሌተሩ (ማራገቢያው) ግን ለብቻው ሊነሳ ይገባዋል። ፈረንሳዮቹ 404 ላይ በማግኔት የሚያያዝ ቬንትሌተር ገጥመዋል። ውሃው ሲሞቅ ማግኔቱ ይይዘውና ይዞራል፣ ሲቀዘቅዝ ይለቀዋል። ለዘመኑ ድንቅ ሥራ ነው። አባቴ ሽቦው ሲበላሽበት ሁልጊዜ እንዲዞር በብሎን አስሮት ነበር። ያ ይሠራል፤ ግን ጉልበት ይበላል፣ ይጮሃል። እኛ ለማግኔቱ ኤሌክትሪክ የሚያደርሰውን ካርቦን ቀይረን፣ ሽቦውን እንደ አዲስ ዘርግተን ወደ ቦታው መለስነው። ዛሬ ደንገጎን ስትወጣ ሲይዝና ሲለቅ ይሰማኛል፤ የሙቀቱ መርፌም መሐል ላይ ይቆማል።

ሞተሩ 1,618 ሲሲ ነው፤ ወደ ጎን በ45 ዲግሪ ተጋድሟል። ፒስቶኖቹ የሚመላለሱባቸው ካናዎች ተነቅለው የሚለወጡ ናቸው። ስለዚህ ያለቀ ሞተር እንኳ ሬቲፊካ (ሞተር የሚላጥበት ቤት) ሳይገባ ይነሳል። የኔ ገና እዚያ አልደረሰም፤ ቫልቭ አስተካክለን ተውነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር ግን ለሐረር መቃኘት ነበረበት። አየሩ እዚህ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል፣ ቤንዚኑም ይበዛበታል። ካንዴላዎቹ ጥላሸት ለብሰው ነበር። ቤንዚን የምታሳልፈዋን ትንሿን የነሐስ ቀዳዳ በጠበበ ቀየርን። በጣም እንዳትጠብ የተጠነቀቅነው ለድሬ ሲባል ነው፤ እዚያ አየሩ ወፈር ስለሚል ቤንዚኑ ያንስና ሞተሩ ይግላል። አሁን በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ገደማ ትጠጣለች። ለዚህ ዕድሜ አይከፋም።

ኤሌክትሪኩ ላይ ግን ዘመናዊ ለመሆን አላመነታሁም። ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ ወጥቶ ከጃፓን መኪና የወጣ አልተርኔተር ገባ። ለፊት መብራቶቹ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚከፍት ማብሪያ) ገጥመን ከባትሪው በወፍራም ሽቦ ቀጥታ አመጣን። ያው አምፖል፣ ያው መስታወት፤ ብርሃኑ ግን ሌላ ሆነ። ፊት ለፊት የደህንነት ቀበቶም አስገጥሜያለሁ። ባትሪ ቢደክም ደግሞ ማኑቬላው አለ። ጎረቤት ሳላስቸግር በእጄ አዙሬ አስነስቻታለሁ።

ቦዲው ብዙ ወጪ ጠየቀ። 404 ለብቻው ሻሲ የላትም፤ ቦዲዋ ራሱ ነው የሚሸከማት። የበሮቹ ሥር ዝገት የመልክ ጉዳይ አይደለም። ባትላሜራው ስቱኮውን (የቦዲ መሙያውን) ሲያነሳ ውፍረቱ የጣት ያህል ነበር፤ ላሜራው ግን የለም። ቆርጦ በአዲስ ላሜራ በየዳ፤ በስቱኮ አልሸፈነም። ከሰማያዊው ሥር፣ ፖርቶ ባጋሊዮው (የዕቃ መጫኛው) ውስጥ፣ የፋብሪካው ግራጫ ቀለም ተገኘ። በሱ ቀባኋት። አንዳንድ የአባቴ ጓደኞች ሰማያዊው ቢቀር ይሻል ነበር ይላሉ። እኔ ግን ግራጫውን ወድጄዋለሁ።

404 ላላችሁ ሰዎች አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ዲፈረንሲያሉ (ጉልበቱን ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው) የብረት ትል፣ ማለትም እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ዘንግ፣ እና የነሐስ ጥርስ ነው። ዛሬ በየመደብሩ የሚሸጠው ጠንካራ የዲፈረንሲያል ዘይት ውስጥ ያለው የድኝ ቅመም ሲሞቅ ነሐስን ይበላል። ነሐስ የማይጎዳ ዘይት ጠይቁ፣ ቆርቆሮው ላይም አንብቡ። ያ የነሐስ ጥርስ ካለቀ ሌላ ማግኘት ትልቅ ፈተና ነው።

የሚያስቸግሩኝ ነገሮች አልጠፉም። ቆማ ስትጠመዘዝ መሪዋ ይከብዳል። ድሬ ላይ እኩለ ቀን ውስጧ ምጣድ ነው፤ መስኮት ከመክፈት ሌላ መፍትሔ የላትም። ከ90 በላይ ስትሄድ ወሬ አያወራችሁም። መለዋወጫ ደግሞ ከቆሙት መኪኖች ነው የሚወጣው፤ የቆሙትም እያለቁ ነው። አሁን ለማደስ የምታስቡ ካላችሁ ለመለዋወጫ የምትሆን ሁለተኛ 404 አብራችሁ ፈልጉ፤ ከኋለኞቹ ሆና የፊት ዲስክ ያላት ብትሆን ደግሞ በጣም ጥሩ። እኔም እየፈለግሁ ነው።

የቀረኝ ሥራ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ነው። እጀታው መሪው ላይ ስለሆነ መገጣጠሚያዎቹ ሲያልቁ ማርሽ ፍለጋ ይሆናል። እነሱን ቶርኖ ቤት አሠርተን ጨርሰናል። ሁለተኛው ማርሽ ግን ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሲገባ አሁንም ይፋጫል። ጋሼ ክረምቱ ሲወጣ እናወርደዋለን ብሎኛል።